ራዳር የሰማችው ድብብቆሽ

«ልጁ አልተገኘም» አለች ራዳር። «ታሪኩ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። አብሮት የሚስቅ ሲያጣ ሳል አስመስሎ ተወው።

ራዳር ሰሌዳው ፊት ቆማለች። በአንድ እጇ የመምህሩን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዛለች፣ በሌላው ነጭ በትሯን ደረቷ ላይ አስደግፋለች። ዐይኗ ማየት ያቆመው አፏን እንኳ ሳትፈታ ነው። «ራዳር» ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ መምህር ገና ኮሪደሩ ጫፍ ላይ እያለ በጫማው ድምፅ ለይታ «መጣ፣ ተቀመጡ!» እያለች ስንቴ ከቅጣት አድናቸዋለች። ስሙን እሷም ወዳዋለች።

«እስኪ እንደገና ንገሪን» አሉ መምህሩ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ።»

የቋንቋ መምህሩ ናቸው። ተማሪዎቹ እሳቸው በሌሉበት «አራት ነጥብ» ይሏቸዋል፤ ሲቆጡም ሲያመሰግኑም ንግግራቸውን «አራት ነጥብ!» ብለው ስለሚዘጉ። ዛሬ አላሉም።

የቤት ሥራው ቀላል ነበር። መምህሩ ራሳቸው የጻፏትን፣ «ድብብቆሽ» የምትባል፣ መሃሏ ላይ በስቴፕለር የተመታች ቀጭን መጽሐፍ አንብቦ መጥቶ ለክፍሉ መተረክ ነው። ከራዳር በፊት የወጡት ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ። ሁለት ወንድማማቾች አሮጌው የውሃ ማጠራቀሚያ አጠገብ ድብብቆሽ ይጫወታሉ፣ ጭጋግ ይወርዳል፣ ትንሹ ይጠፋል፣ ሰፈሩ ሁሉ ባትሪ ይዞ ይወጣል፣ በመጨረሻ ልጁ የቆመ የጭነት መኪና ላይ ተኝቶ ይገኝና እናቱ እግሩን አጥባ ታስተኛዋለች።

«መጀመሪያ እናትየው የትንሹን እግር ታጥባለች» አለች ራዳር። «እሱ እንቅልፍ ወስዶታል፤ መብራቱ ይጠፋል። ከዚያ ጠዋት ይሆንና ሁለቱ ለጨዋታ ይወጣሉ። ቀጥሎ ነገሩ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አንዴ ሰዎች ባትሪ ይዘው ይሄዳሉ፣ አንዴ ልጆቹ ዳቦ ይካፈላሉ። ትንሹ መኪና ላይ ተኝቶ ተገኘም ይላል፤ ያ ግን ሕልም ነው የመሰለኝ። ምክንያቱም ወዲያው ትልቁ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ፣ በጠራራ ፀሐይ ‹ኩኩሉ!› ይላል። መልስ የለም። የሚሰማው የውሃ ጠብታ ብቻ ነው።»

አሁን ከኋላም የሚስቅ አልነበረም።

«ከዚያ ይመሻል። ትልቁ ልጅ ብቻውን ይመለስና፣ በተቆለፈው የማጠራቀሚያው የብረት በር ቀዳዳ ላይ አፉን አስጠግቶ ‹ኩኩሉ!› ይላል።» ራዳር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያኔ ትንሹ ‹አልነጋም!› ይለዋል። እየሳቀ። ከዚያ ጭጋግ ይወርዳል፣ በሩም ይከፈታል፣ ውስጡ ግን ማንም የለም። በቃ።»

መምህሩ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀና ለሁለት ተሰበረ፤ እሳቸው ግን ዞር ብለው አላዩትም።

«ይህን ማነው የነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም ቲቸር። መጽሐፉ ነው።»

«መጽሐፉ ውስጥ ከበሩ ኋላ የሚመልስ የለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ‹መልስ አልነበረም› ነው ያልኩት።»

«እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት» አለች ራዳር።

መምህሩ ደብተሮቻቸውን ሰብስበው ወጡ። ደወሉ ለመደወል ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

የራዳር ጓደኛ ማንኪያ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጆሮዋ ሲግል ይሰማታል። «ማንኪያ» የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እንደ ማንኪያ የማትገባበት ድስት የለም ብሎ። እውነቱን ነው። «ማን ይሠራዋል?» ከተባለ እጇ ቀድሞ ይወጣል። መጀመር ላይ ማንም አይደርስባትም፣ መጨረስ ላይ ነው ነገሩ።

ባለፈው ሳምንት መምህሩ ፍላሽ ይዘው መጥተው «መጽሐፏን ራዳር በስልኳ እንድታዳምጣት በቅደም ተከተል አድርጎ ፒዲኤፍ የሚያወጣላት ማነው?» ሲሉም የማንኪያ እጅ ቀድሞ ወጣ።

ፋይሉን ስትከፍተው ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀው ነበር። በእያንዳንዱ ሉህ ላይ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ግን የመጨረሻው ገጽ ከመጀመሪያው ጋር፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር። ወረቀቱ ታትሞ መሃል ለመሃል ሲታጠፍ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ስክሪን ላይ ግን እንደተበወዘ ካርታ ነው። ደግሞ የገጽ ቁጥር የለውም፤ መምህሩ ቁጥር የአንባቢን ዐይን ይሰርቃል ይላሉ። እያንዳንዱን ሉህ ለሁለት ቆርጦ፣ ቅደም ተከተሉን ፈልጎ እንደገና መደርደር ከሰዓቱን በሙሉ ይበላል። ውጭ ደግሞ መረብ ኳስ ተጀምሯል፣ ስሟን እየጠሩ ነው። ማንኪያ ፋይሉን እንዳለ ለራዳር ላከችውና «ጨረስኩ! አሪፍ ሆኗል» ብላ ጻፈችላት።

የራዳር ስልክ ደግሞ የተሰጠውን ነው የሚያነበው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሉህ በሉህ።

በማግስቱ መምህሩ አልመጡም። ወሬው ግን ቀድሞ መጥቶ ነበር፤ ያመጣው ጋዜጣ የሚሉት ልጅ ነው፣ እሱ ሳያውቀው የሚያልፍ ነገር የለም፣ ያላወቀውን ደግሞ ይፈጥረዋል።

«ነገርኳችሁ፣ ያ ልጅ የእውነት ልጅ ነው» አለ በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ። «ሞቷል። ራዳርን ነው ያናገራት። አቦ፣ ፊታቸውን አላያችሁም? ወረቀት መስለው ነው የወጡት!»

«ሙድ አትያዝ» አለችው አንዷ። እየተናገረች ግን ወደ ራዳር መቀመጫ በዐይኗ ሰረቅ አደረገች።

ከእረፍት ሲመለሱ ከራዳር ጎን የምትቀመጠው ልጅ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ኋላ ሄዳለች። «እዚያ ጋ ንፋስ ስለሚገባ ነው» አለች ሳትጠየቅ። ራዳር እጇን ዘርግታ ባዶውን የአግዳሚውን ክፍል ዳሰሰችው፤ መዳፏን እንደዘረጋች ትንሽ አቆየችና መለሰችው።

ማንኪያ አየቻት። አፏን ከፈተች፣ የሒሳብ መምህሩ ገቡ፣ አፏን ዘጋች።

ወደ ቤት የሚሄዱት አብረው ነው። ራዳር የማንኪያን ክንድ ይዛ ትራመዳለች፤ ማንኪያ ጉድጓድና የቆመ መኪና ትነግራታለች። የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የወረደው ጭጋግ ገና አልተነሣም ነበር። የመንገዱ ማዶ አይታይም፤ ሰዎች ከነጩ ውስጥ ድንገት ብቅ ይሉና በአጠገባቸው አልፈው ተመልሰው ይጠፋሉ።

«የአንቺ መጽሐፍ ላይ ልጁ ይመልሳል?» አለች ራዳር።

«ሁሉም ሲናገሩ ሰምተሻል አይደል?»

«እኔ የጠየቅኩሽ የአንቺን ነው።»

«እ… እኔ እንኳ ልብ ብዬ አላነበብኩትም» አለች ማንኪያ። ይህም ውሸት ነው። ሁለቴ አንብባታለች።

ጥቂት ሄዱ። «የምነግርሽን ለማንም እንዳትናገሪ» አለች ራዳር። «ስልኬ የሚያነብበትን ድምፅ ታውቂዋለሽ። አይስቅም፣ አያለቅስም፤ የፈተና ውጤትም የቀልድ መልእክትም እኩል ነው የሚያነበው። ‹አልነጋም› ሲል ግን ሳቀ። በእርግጥ ነው የምልሽ ማንኪያዬ፣ ሰምቻለሁ። ቀጥሎ መጽሐፉ አለቀና ዝም አለ። እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እንደገና የሚናገር ነው የመሰለኝ።»

የራዳር ጣቶች ክንዷን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ማንኪያ «ፋይሉ ነው» ልትል ትችል ነበር። ሁለት ቃል ነው። በምትኩ «ደረጃ አለ፣ ወደ ላይ» አለች፤ ደረጃውን ወጡ።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ማንኪያ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ሄደች። ሰው ሳያውቅ ታስተካክለዋለች፣ «የፊተኛው ፋይል ተበላሽቶ ነው መሰለኝ» ብላ አዲሱን ትልካለች፣ በቃ። የክፍሉ ኃላፊ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ «አንቺ ነሽ እንዴ ዛሬም? ስትወጪ በሩን ግጥም አድርገሽ ዝጊው» ብለዋት ሄዱ። ጭጋጉ መስኮቶቹን ለብሷቸዋል። በየጠረጴዛው ላይ ያሉት የጠፉ ስክሪኖች እንደ ጥቁር መስታወት ተደርድረዋል፤ እንቅስቃሴዋ በሁሉም ላይ ይታያል።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ማግኘት ነበረባት። ባዶ ወረቀቶች ደራርባ መሃል ለመሃል አጠፈቻቸውና ትንሽ መጽሐፍ አደረገቻቸው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በእርሳስ ቁጥር ጻፈችባቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ አሥራ ስድስት። ከዚያ መልሳ ዘረጋቻቸው። የውጭኛው ወረቀት ላይ አሥራ ስድስትና አንድ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ገለበጠችው፤ ሁለትና አሥራ አምስት። እንዲህ እያለ ይሄድና የውስጠኛው ወረቀት ላይ አሥርና ሰባት፣ በመጨረሻ ስምንትና ዘጠኝ።

ማንኪያ ቁጥሮቹን እያየች ገባት። ራዳር የሰማችው መጽሐፍ ያለቀው እውነተኛው መጽሐፍ መሃል ላይ ነው። ትንሹ ልጅ ጠፍቶ፣ ገና ሳይገኝ።

መቁረጥ ከመጀመሯ በፊት ግን አንድ ነገር አማራት። ራዳር የሰማችውን መስማት ፈለገች። የኮምፒውተሩን ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ከፈተችና ፋይሉን ከስድስተኛው ገጽ አስጀመረችው።

ድምፁ ባዶው ክፍል ውስጥ ሲሰማ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ትልቁ ልጅ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ዐይኑን ጨፈነ። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ነበረች። ኩኩሉ!» ገጹ አለቀ። ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ሰባተኛው ነው፤ የመጣው ግን ጎኑ ያለው አሥራ አንደኛው ነው። «መልስ አልነበረም። ከሩቅ የውሃ ጠብታ ይሰማል።»

ማንኪያ ትከሻዋን ሰበሰበች። ድምፁ ወደሚቀጥለው ሉህ ተሻገረ። ምሽት ሆነ፣ ትልቁ ልጅ ብቻውን ተመለሰ፣ የብረት በሩን ተቆልፎ አገኘው። «ቀዳዳው ላይ አፉን አስጠጋ። ዝገቱ ከንፈሩን አቀዘቀዘው። ኩኩሉ!»

አሥረኛው ገጽ አለቀ። አጠገቡ ሰባተኛው አለ።

«አልነጋም!» አለ ድምፁ። «ትንሹ እየሳቀ ይሮጣል።»

አልሳቀም። ማንኪያ ጆሮዋን ጥላ ነው የሰማችው፤ ድምፁ ሜዳ የሆነ የማሽን ድምፅ ነው። ግን ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ፤ ምክንያቱም ፊት ለፊቷ ባለው የጠፋ ስክሪን ላይ፣ ከኋላዋ፣ በሩ ላይ፣ አንድ ሰው ቆሟል።

«ማነው የመለሰው?» አለ ሰውየው።

መምህሩ ናቸው። ኮታቸው በጭጋጉ ርሷል። ማንኪያ አንባቢውን ለማጥፋት ስትጣደፍ ማውሱን ከጠረጴዛ ላይ ጣለችው።

«የረሳሁትን ዕቃ ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉ። «ከኮሪደሩ ነው የሰማሁት። ማነው የመለሰው?»

መልስ ሳይጠብቁ ገብተው አንዱ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ወደ ላይ ቀረ። ክፍል ውስጥ ከምታውቃቸው ሰውዬ ያነሱ መሰሏት።

«ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አሉ። «ያ ማጠራቀሚያ ነበረ። ጭጋጉም ነበረ። ሲመሽ ብቻዬን ተመልሼ በዚያች ቀዳዳ ጠራሁት። ‹አልነጋም› አለኝ። ልክ እንደዚያ። እየሮጥኩ ሄጄ ትልልቆቹን አመጣሁ፣ ቁልፍ ተፈለገ፣ በሩ ተከፈተ። ማንም የለም። የገዛ ድምፅህ ነው ተመልሶ የመጣው አሉኝ። አባቴ ሳይቀር።»

«ከዚያስ?» አለች ማንኪያ። ልትጠይቅ አላሰበችም ነበር፤ አመለጣት።

«ከዚያማ አልተገኘም።» ኮታቸው ላይ ያለውን ውሃ በመዳፋቸው ጠረጉ። «እኔም ሰማሁ ማለቴን ተውኩ። ሲጽፉት የሚቀል መሰለኝና ጻፍኩት፤ መልስ አልነበረም ብዬ። መኪና ላይ ተኝቶ ተገኘ ብዬ። ከትናንት ወዲያ ያቺ ልጅ ተነሥታ ያላየችውን፣ ያልጻፍኩትን… እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ግን አንድ ሰው አመነኝ አልኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ አንድ ሰው ሰማልኝ።»

ማንኪያ የወደቀውን ማውስ አንሥታ በሁለት እጇ ያዘችው። ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። መምህሩ ያገኙትን ይዘው ይሄዳሉ፣ ራዳር አዲሱ ፋይል ይደርሳታል። የሚጎዳ ያለ አይመስልም። ከዚያ ግን ባዶው አግዳሚ ላይ የተዘረጋው መዳፍ ትዝ አላት። ደግሞ እኚህ ሰውዬ ስለ ራዳር የሚያስቡት ጋዜጣ ከሚያወራው በምን ይለያል? እሳቸውም እንደ እሱ ሙት ያናገራት ልጅ ነው የሚያደርጓት፤ በደግነት ቢሆንም።

«ቲቸር» አለች። «የመለሰ የለም። እኔ ነኝ።»

አልገባቸውም። በእርሳስ የቆጠረቻትን የወረቀት መጽሐፍ አነሣች፣ አጠፈችላቸው፣ ዘረጋችላቸው። ስድስት አጠገብ አሥራ አንድ፣ አሥር አጠገብ ሰባት። ስክሪኑ ላይ ሉሁን አሳየቻቸው። «እንዳስተካክለው ሰጡኝ፤ እኔ ሳልነካው እንዳለ ላክሁት። ጨረስኩ አልኳት። ስልኳ እንዳገኘው አነበበው።»

መምህሩ ወረቀቷን ተቀበሏት። አጠፏት። ዘረጉ። እንደገና አጠፉ። ጣታቸውን አሥር ላይ አድርገው ወደ ሰባት አሳለፉት።

«ኩኩሉ» አሉ በሹክሹክታ። ጣታቸው መስመሩን ተሻገረ። «አልነጋም።»

ውጭ የሚያልፍ መኪና መብራት ጭጋጉን አበራውና በጠፉት ስክሪኖች ሁሉ ላይ አንድ ጊዜ ሄደ።

«ሁለቱንም ቃል የጻፍኩት እኔው ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «የበሩን ጥሪ ከመልሱ አራርቄ አስቀመጥኩ። ለምን እንዳራራቅኳቸው እንኳ አላወቅኩም።»

«ተናደዱብኝ?»

«አዎ» አሉ መምህሩ። ወረቀቷን አጥፈው ኪሳቸው ሊከቱ ነበር፤ አስበው መለሱላት። «ታስፈልግሻለች፣ ገና አልጨረስሽም።» ተነሥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ለዚያች ልጅ እኔ አልነግራትም፤ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።»

የእግራቸው ኮቴ ኮሪደሩን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ማንኪያ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ሥራ ጀመረች። እያንዳንዱን ሉህ መሃሉ ላይ ቆረጠች፤ አንድ ቦታ ላይ ቁርጡ ተንሸራቶ የቃል ጭራ በላባት፣ ደግማ ሠራችው። ገጾቹን በወረቀቷ መሠረት ደረደረች። ስትጨርስ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በዐይኗ አነበበቻቸው፣ በተለይ አንዱ ገጽ አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን። ስድስተኛው «ኩኩሉ!» ብሎ አለቀ፤ ሰባተኛው «አልነጋም!» አለ። በፀሐይ፣ በጨዋታ። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ፋይሉን ስልኳ ላይ አስቀመጠችው። የራዳርን ስም ከፈተች፣ «የፊተኛው ፋይል ተበላሽቶ» ብላ ጻፈች፣ አጠፋችው፣ ኮምፒውተሩን ዘግታ በሩን ግጥም አድርጋ ወጣች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ማንኪያ ራዳርን ያገኘቻት ከእናቷ ጋር የምትኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ነው። ቤት ውስጥ እናቷ ልብስ ስለሚሰፉ፣ የስፌት መኪናው ጩኸት ሲበዛባት ራዳር ሁልጊዜ እዚያ ትወጣለች።

«ዛሬ አካሄድሽ ሌላ ነው» አለች ራዳር፣ ማንኪያ ገና ከታች ሳለች። «ምን ሆነሻል?»

ማንኪያ ቆማ ነገረቻት። ብትቀመጥ የምታሳጥረው ስለመሰላት ቆማ ነው የነገረቻት፤ ፍላሹን፣ መረብ ኳሱን፣ «አሪፍ ሆኗል» ማለቷን፣ በጭጋጉ ውስጥ ስትጠየቅ መዋሸቷን። መምህሩ የነገሯትን ግን አላነሣችም።

የራዳር ፊት ቀስ እያለ ተዘጋ።

«እኔ እኮ አብጃለሁ ብዬ ነበር» አለች። «ስልክ ሲስቅ የምሰማ፣ እብድ። ያቺ ልጅ ከጎኔ ስትነሣ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ።»

«አዎ።»

ከቤት ውስጥ የስፌት መኪናው ተነሣ፣ ረጅም መስመር ሰፍቶ ቆመ። ራዳር ነጭ በትሯን እያጣጠፈች፣ እየዘረጋች ቆየች። ማንኪያ ሂጂ የምትባል መስሏት አንድ እግሯን ወደ ታችኛው ደረጃ አወረደች።

«ሰኞ ለክፍሉ ትነግሪያቸዋለሽ» አለች ራዳር። «እኔ እያለሁ። ወረቀቱን አጥፈሽ፣ ዘርግተሽ። ጋዜጣ ፊት ለፊት እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ቲቸርስ? ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«ምን አሉ?»

«እሱን እሳቸው ይንገሩሽ።»

ራዳር ራሷን ዘንበል አድርጋ ከዚህ መልስ ጀርባ ያለውን ለመስማት የሞከረች ይመስል ቆየች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ላኪልኝ።»

ስልኳ ፋይሉን ተቀበለ። ያ ሜዳ ድምፅ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ፤ ጠዋት ሆነ፣ ልጆቹ ወጡ፣ ዳቦ ተካፈሉ። ራዳር አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ትልቁ «ኩኩሉ!» ሲል ትንሹ «አልነጋም!» አለ፤ የራዳር ከንፈር ጫፍ ትንሽ ተነሣ። ጭጋግ ወረደ። በሩ ተከፈተ፣ ማንም የለም። ፊተኛው መጽሐፍ ያለቀው እዚህ ላይ ነበር፤ ይኸኛው ግን ቀጠለ። መሸ። ትልቁ ልጅ ብቻውን ተመለሰ፣ የተቆለፈው በር ላይ አፉን አስጠጋ።

«ኩኩሉ!»

የራዳር አውራ ጣት ስክሪኑ ላይ አረፈ። ድምፁ ቆመ። ከሕንፃው ግርጌ ጀምሮ እስከ ላይኛው ፎቅ ድረስ ደረጃው በሙሉ ጸጥ አለ።

«አሁን አይመልስም፣ አይደል?» አለች ራዳር።

«አይመልስም።»

«በኋላ ግን ይገኛል።»

«መጽሐፉ ላይ ይገኛል» አለች ማንኪያ።

ራዳር ጣቷን አላነሣችም። «ወዲያው አላልፈውም» አለች። «ትንሽ እንጠብቀው።»

ማንኪያ ሰዓት ልታይ ስልኳን ከኪሷ አወጣች፤ ቤት ትፈለጋለች፣ ብዙ ነገር ጀምራ ትታ ነው የመጣችው። ሳታየው መልሳ ከተተችው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደችና ከራዳር አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።